አንድ ዘንግ ለሦስት ዓሣ

ገበያ ወጥታችሁ የዓሣ ማጥመጃ ክር ስትገዙ ጥቅሉን አገላብጣችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ዳሩ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 0.30 ይላል፤ ወይም 0.50 ይላል። ፊደል ሳንቆጥር ይህ ለእኛ ጭረት ብቻ ነበር። ሻጩ «ወፍራሙን ውሰድ፤ እሱ አይበጠስም» ሲል እሺ ብለን እንወስዳለን። እኔም ወስጄ አውቃለሁ። ሲባጎ የሚያህል ክር ገዝቼ ጣና ዳር ከማለዳ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። አንድም ዓሣ አልነካልኝም። ከጎኔ ግን አንድ እረኛ ልጅ ለዓይን በማይታይ ቀጭን ክር ቆሮሶውን እየመዘዘ ያወጣ ነበር። ገንዘቤም ቀኔም ባከነ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ማጥመጃ ዘንግና ስለ ክሩ እንነጋገር። ዋጋው የማይከብድ፣ አንዱ ብቻውን ለብዙ ሥራ የሚሆን ዘንግ እንዴት ይመረጣል?

ሐይቅ ዳር ለሚኖር ገበሬ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ዓሣ ሰብል ሳይደርስ ለቤት ወጥ ይሆናል። በጾም ወራት፣ በተለይም በሁዳዴ፣ ፈላጊው ይበዛል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። መረብ ለመጣል ግን መረቡ ብቻ አይበቃም፤ ታንኳ ወይም ጀልባ ይጠይቃል። ዘንግ የያዘ ሰው ግን ዳር ላይ ቆሞ፣ እርሻውን ውሎ ማታ ወይም ማለዳ ያጠምዳል።

ጣና ላይ ለገበያ የሚወጣው ዓሣ በዋናነት ሦስት ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ ስንል አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ተመራማሪዎች 15 ያህል ዓይነት ለይተዋል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም የትም አይገኙም። የዝዋይና የሐዋሳ ሰዎችም ይህን ብታነቡ አትከስሩም፤ ቆሮሶና አምባዛ በእናንተም ሐይቅ አሉ።

እነዚህ ሦስቱ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፤ ዓይናፋርም ነው። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል፤ ጉልበቱም ከባድ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ በመካከል ነው፤ ሲያዝ ግን ይሮጣል። ታዲያ ለሦስቱ ሦስት ዘንግ እንግዛ? አያስፈልግም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሐይቆች ባስ የሚባል ሌላ ዓሣ የሚበላ ዓሣ አለ። እዚያ ብዙ ሰው ለመዝናናት ያጠምደዋል፤ ለዘንግም ብዙ ገንዘብ ያወጣል። እጀታው ላይ ክር መጠቅለያ የታሰረበት ዘንግ ነው የሚይዙት። ሱቁ ውስጥ የዘንጉ ዓይነት ተቆጥሮ አያልቅም። አቅሙ አንድ ብቻ ለመግዛት የሚፈቅድለት ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚመከረው መካከለኛውን ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲም ገደማ፣ ጫፉ የሚታጠፍ፣ ወገቡ የጠነከረ። ርዝመቱና ጥንካሬው ዘንጉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። መጠቅለያ ያለው ዘንግ ክሩን ሩቅ ለመወርወር ነው። እኛ ግን ዓሣው ዳር ድረስ ስለሚመጣልን መጠቅለያው አያስፈልገንም። የመካከለኛው ዘንግ ምክር ግን ለእኛም ይሠራል። ልዩነቱ፣ በእኛ ቀርከሃ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። የምናነበው በእጃችን ነው።

አገራችን ሁለት ዓይነት የራሷ ቀርከሃ አላት። አንዱ የደጋ ነው፤ ውስጡ ክፍት ነው፤ ቀላል ነው። በእንጅባራና በአገው ምድር በብዛት አለ፤ ለጣና ዳር ሰው የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው የቆላ ነው፤ መተከልና ቤኒሻንጉል ይበቅላል፤ ውስጡ ድፍን ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ግን ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ በእጅ ለሚያዝ ዘንግ የደጋው ይሻላል። ሸምበቆም ይሆናል፤ አምባዛ ሲይዝ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል።

አሁን ቀርከሃው ጫካ ውስጥ ቆማችኋል እንበል። የዘንድሮውን ቡቃያ አትቁረጡ። እሱ አንጓው ላይ ገና ልባሱ አልወደቀም፤ መልኩ ለምለም አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ሦስት ዓመት የሞላውን ፈልጉ። ልባሱ ወድቋል፤ መልኩ ደብዘዝ ብሏል፤ ላዩ ላይ ነጫጭ ሽበት የመሰለ ነገር ይታያል። በቢላዋ እጀታ ስትመቱት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። ጊዜው ደግሞ በጋ ይሁን፤ ከኅዳር እስከ ጥር ጥሩ ነው። በክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ውኃና ምግብ የቋጠረ ስለሆነ ነቀዝ ይወደዋል።

ርዝመቱ ስምንት ክንድ ይሁን፤ አራት ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሥሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚሞላ፣ ጫፉ የትንሽ ጣት ያህል የቀጠነ ይሁን። ቅርንጫፉን ከአንጓው ጋር እኩል አድርጋችሁ መልምሉት። ከዚያ በጫፉ በኩል ጥላ ላይ ስቀሉት፤ ሥሩ ላይ ድንጋይ እሰሩበት። ድንጋዩ እየጎተተ ያቃናዋል። አንድ ወር ይቆይ። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ይሰነጠቃል። ምድጃ ባለበት ጎጆ ውስጥ ከጣሪያው ሥር ብትሰቅሉት ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቅላችኋል። እናቶቻችን የቀርከሃ ዕቃ እንዲህ ሲያኖሩ አይተናል፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ሲደርቅ ፈትኑት። ጫፉ ላይ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ድንጋይ እሰሩና ሥሩን ይዛችሁ አግድም አንሱት። ከላይ ያለው አንድ ሦስተኛው ብቻ ከታጠፈና ድንጋዩ ሲፈታ ተመልሶ ቀጥ ካለ፣ የምትፈልጉት እሱ ነው። ከእጀታው ጀምሮ ከጎበጠ ለአምባዛ አይበቃም። ጭራሽ ካልታጠፈ ደግሞ የቆሮሶን ንክሻ አያሳውቃችሁም፤ አፉንም ይቀደዋል።

ክሩን ጫፉ ላይ ብቻ አትሰሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ከእጀታው ትንሽ ከፍ ብሎ ካለ አንጓ ላይ እሰሩት። ከዚያ ዘንጉን እየዞረ ወደ ላይ ይውጣና ጫፉ ላይ በሁለተኛ ቋጠሮ ይያዝ። ጫፉ ቢሰበር እንኳ ዓሣው ይዞት አይሄድም፤ ክሩ አሁንም በእጃችሁ ነው። ከጫፉ የሚንጠለጠለው ክር የዘንጉን ያህል ይርዘም። ከዚያ ካለፈ ለማውጣት ያስቸግራል።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። 0.30 ማለት የክሩ ውፍረት በሚሊሜትር ነው። ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ያነሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ የናይለን ክር ስድስት ኪሎ ገደማ ይሸከማል። 0.40 የሆነው አሥር ኪሎ ገደማ፣ 0.50 ደግሞ አሥራ አምስት ኪሎ ገደማ። ብዙ ጊዜ ኪሎውም እዚያው ጥቅሉ ላይ ተጽፏል፤ ፈልጉት። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናልና ትንሽ መጨመር ብዙ ነው። ለአንድ ዘንግ 0.35 ግዙ። ለቆሮሶ አይወፍርም፤ ለነጭ ዓሣም ይበቃል። አምባዛ ስትፈልጉ ደግሞ ከታች ሁለት ክንድ ያህል 0.50 ቀጥሉበት፤ ዘንጉን አትለውጡም።

የመንጠቆ ቁጥር ግን ያታልላል። እዚህ ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 8 ከቁጥር 4 ያነሰ ነው፤ ቁጥር 1 ከሁለቱም ይበልጣል። ከ1 በላይ ያለው ደግሞ ጭረትና ዜሮ ይጨመርበታል፤ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 ይላል። በእነዚህ ላይ እንደገና ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆው ያድጋል። ማን እንዲህ እንዳወሳሰበው እንጃ! ለቆሮሶ 8፣ ለነጭ ዓሣ 4፣ ለአምባዛ 2/0 ያዙ። ከየዓይነቱ ጥቂት መግዛት አንዱን ብቻ በብዛት ከመግዛት ይሻላል።

ቋጠሮው ከላላ ሁሉም ከንቱ ነው። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አስገቡ። ጫፉን በራሱ በክሩ ላይ አምስት ጊዜ አዙሩ። ከዚያ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ክብ ውስጥ መልሱት። በምራቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቁት። ደረቁን ብትጎትቱት ክሩ ይግላል፤ ይደክማልም። ማክበጃ የሚሆነው እርሳስ ካጣችሁ የብሎን ዳዶ ይበቃል። እርሳስ ካላችሁ ደግሞ በጥርስ አትንከሱት፤ መርዝ ነው። ለተንሳፋፊ ቡሽ ወይም የደረቀ የደንገል ቁራጭ ያገለግላል።

ቆሮሶ ፊላና ደንገል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በትል ወይም በሊጥ ይያዛል። ነጭ ዓሣም ትል ይበላል፤ ትንንሽ ዓሣ የሚበሉ ዓይነቶችም አሉት። አምባዛ ሲመሽ ይወጣል፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ ይወዳል። ትልቅ አምባዛ ሲያዝ በዘንግ ወደ ላይ አታንሱት፤ ወደ ዳር ጎትቱት። በሁለቱ ጎኑ ያለው እሾህ ይወጋልና በጨርቅ ያዙት። ከውኃ ውጭም ብዙ ስለሚቆይ ሞቷል ብላችሁ አትዘናጉ።

ስምንት ክንድ ዘንግ ሌላም ጥቅም አለው። እግራችሁን ሳታረጥቡ ታጠምዳላችሁ። በጣና ዳር ውኃ ቢልሃርዝያ አለ፤ የሚገባውም በቆዳ ነው። ዳር ላይ ድንጋይ ፈልጋችሁ ቁሙ። በማታ ደግሞ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣ በመውጫ መንገዱ ላይ አትቀመጡ።

መንጠቆ ከመረብ የሚለይበት ነገርም አለ። እናት ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ነው የምትይዘው። በዚያ ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ አይነካትም። መረብ ግን አይመርጥም። ነጭ ዓሣ ደግሞ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ድርማ ወንዞች ይወጣል። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማጥመድ ጣና ላይ የተስፋፋው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ በወንዝ አፍ ላይ መረብ እየተዘረጋ፣ ብርብራም ወንዝ ውስጥ እየተጨመረ ነጭ ዓሣ በእጅጉ ቀነሰ። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይገድላል። ለዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 315 ወጥቷል፤ በመርዝ ማጥመድ የተከለከለ ነው። በዘንግም ቢሆን ከሐምሌ እስከ መስከረም ከወንዝ አፍ ራቁ፤ ሐይቁ ሰፊ ነው።

የያዛችሁትን ዓሣ ወዲያው ሆድ ዕቃውን አውጡ፤ በእርጥብ ቅጠል ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት። ፀሐይ የመታው ዓሣ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል።

ቤት ስትገቡ መንጠቆውን ፍቱና ቡሽ ላይ ሰክታችሁ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ። ዘንጉን በጫፉ ስቀሉት፤ ግድግዳ ላይ ካስደገፋችሁት ይጎብጣል። የተበጠሰ ክር ሜዳ ላይ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትጣሉ። ናይለን አይበሰብስም፤ ከብት ከሣር ጋር ይውጠዋል፤ የወፍ እግርም ይተበትባል። ሰብስባችሁ ቅበሩት።