የከሰረ ሰው ግብር ይከፍላል ወይ? ናይሮቢ ውስጥ ኪሳራ ከትርፍ የሚቀነሰው እንዴት ነው



ከካምፕ ወጥተው ናይሮቢ ገብተው፣ በተለይ ኢስሊ ውስጥ፣ በትንሽ ገንዘብ ንግድ የጀመሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ልብስ የሚሸጥ አለ፣ ቡና ቤት የከፈተች አለች፣ ከጓደኛው ጋር አክሲዮን የገዛም አለ። ሁሉም አያተርፍም። አንዳንዱ ዓመት ኪሳራ ነው። ታዲያ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ሁለት ነው፦ ከስሬም ግብር እከፍላለሁ ወይ? ዘንድሮ የከሰርኩትን በሚቀጥለው ዓመት ካገኘሁት ትርፍ ላይ መቀነስ እችላለሁ ወይ?

እኔ ካምፕ ውስጥ ሂሳብ የማስተምር ሰው ነኝ። የግብር ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን የዚህ ጉዳይ ሂሳቡ መደመርና መቀነስ ብቻ ስለሆነ፣ ሕጉ የሚለውን በቀላል ምሳሌ ላስረዳችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን እናገራለሁ።

መልሱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ኪሳራ ከትርፍ ላይ የሚቀነሰው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ግብራችሁ በትርፍ ላይ የሚሰላ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ኪሳራውና ትርፉ የአንድ ዓይነት ገቢ መሆን አለባቸው። ሦስተኛ፣ ኪሳራው በዓመቱ መጨረሻ ተጽፎ ለኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን፣ ሰው ኬአርኤ ለሚለው፣ መቅረብ አለበት። አንዱ ከጎደለ ኪሳራው የእናንተ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አንደኛ፦ ግብሩ በምን ላይ ነው የሚሰላው?

ኬንያ ውስጥ አንዳንድ ግብር ትርፍን አይጠይቅም። ዋናው ምሳሌ ተርንኦቨር ታክስ የሚባለው ነው። በዓመት ከ1 ሚሊዮን እስከ 25 ሚሊዮን ሽልንግ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ከጠቅላላ ሽያጩ 3 በመቶ በየወሩ ይከፍላል። ወጪ አይቀነስለትም፤ ኪሳራም አይቀነስለትም።

በቁጥር እንየው። አንዲት ልብስ ነጋዴ በዓመት 2,000,000 ሽልንግ ሸጠች እንበል። ለዕቃ፣ ለሱቅ ኪራይና ለሠራተኛ ያወጣችው ደግሞ 2,150,000 ነው። 150,000 ከስራለች። በተርንኦቨር ታክስ ግን 60,000 ሽልንግ ትከፍላለች። ኪሳራዋ 210,000 ሆነ ማለት ነው። ያ ኪሳራ ወደሚቀጥለው ዓመትም አይሻገርላትም።

ሕጉ ግን መውጫ በር አለው። ነጋዴው በተርንኦቨር ታክስ መከፈል አልፈልግም ብሎ ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ አሳውቆ ወደ መደበኛው ዓመታዊ የገቢ ግብር መዛወር ይችላል። እዚያ ግብሩ የሚሰላው በትርፍ ላይ ነው። ያቺው ሴት በመደበኛው ብትሆን በከሰረችበት ዓመት ግብሯ ዜሮ ነው፤ 150,000ው ደግሞ ይሻገርላታል።

በሚቀጥለው ዓመት 400,000 አተረፈች እንበል። የኬንያ የግለሰብ ግብር ለመጀመሪያው 288,000 ሽልንግ 10 በመቶ፣ ለቀጣዩ 100,000 ሽልንግ 25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 6 ሚሊዮን ድረስ 30 በመቶ ነው። ለአንድ ሰው በዓመት 28,800 ሽልንግ ከግብሩ ላይ ይቀነስለታል። ስለዚህ በ400,000 ላይ ግብሩ 57,400 ይመጣል፤ 28,800 ሲቀነስ 28,600 ትከፍላለች። የአምናው ኪሳራ ከተሻገረላት ግን ግብር የሚታሰበው በ250,000 ላይ ብቻ ነው። አሥር በመቶው 25,000 ነው፤ ይህ ደግሞ ከ28,800 ስለሚያንስ የምትከፍለው የለም። ኪሳራዋን በመጻፏ ብቻ 28,600 ሽልንግ ኪሷ ውስጥ ቀረ።

እንዲህ ሲባል ግን ሁሉም ሰው ከተርንኦቨር ታክስ ይውጣ ማለት አይደለም። ትርፉ ሰፊ ለሆነ ሰው ሦስት በመቶው ይቀለዋል። 2,500,000 ሸጦ 1,000,000 ያተረፈ ሰው በተርንኦቨር ታክስ 75,000 ይከፍላል፤ በመደበኛው ግን 208,600 ይመጣበታል። ብዙ ሸጦ ትንሽ የሚያተርፍ፣ ወይም ገና ጀማሪ ሆኖ ሊከስር የሚችል ሰው ነው ማሰብ ያለበት። ደብተራችሁን አውጡና ሁለቱንም አስሉ።

የመኖሪያ ቤት ኪራይም እንደዚሁ ነው። በዓመት ከ288,000 እስከ 15 ሚሊዮን ሽልንግ የቤት ኪራይ የሚሰበስብ ሰው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከጠቅላላ ኪራዩ 7.5 በመቶ ይከፍላል። የጥገና ወጪ አይቀነስለትም።

ወጣቶች የምትሸጡት የምትገዙት ክሪፕቶም በዚሁ መንገድ አልፏል። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ከተላለፈው ገንዘብ ጠቅላላ ዋጋ ላይ 3 በመቶ ግብር ነበረበት። በ50,000 ገዝቶ በ40,000 የሸጠ ሰው 10,000 ከስሮም 1,200 ሽልንግ ይታሰብበት ነበር። ይህ ግብር በ2025 ተሰርዟል፤ በምትኩ አገናኝ ድርጅቶቹ በሚያስከፍሉት የአገልግሎት ክፍያ ላይ 10 በመቶ ኤክሳይዝ ተጥሏል።

ሁለተኛ፦ ሁሉም ገቢ የራሱ ጆንያ አለው

የኬንያ የገቢ ግብር ሕግ ገቢን በዓይነት በዓይነቱ ይለያል። የቤትና የመሬት ኪራይ አንድ ነው። ደመወዝና የሙያ አገልግሎት አንድ ነው። እርሻና ከብት እርባታ አንድ ነው። ሌላው ንግድ ደግሞ ለብቻው ነው። እንደ ጆንያ አስቡት፦ ከአንዱ ጆንያ የጎደለውን ከሌላው መሙላት አይቻልም።

ለምሳሌ አንድ ሰው ሆቴል ተቀጥሮ በወር 40,000 ሽልንግ ደመወዝ አለው። ጎን ለጎን ከፍቶት የነበረው ሱቅ 150,000 ከሰረ። ከደመወዙ የተቆረጠውን ግብር፣ ከስሬአለሁና መልሱልኝ ማለት አይችልም። የሱቁ ኪሳራ የሚጠብቀው የሱቁን ትርፍ ነው።

አክሲዮንና ንብረት ሽጦ የሚገኝ ትርፍ ደግሞ ሌላ ጆንያ ነው። ይህ ግብር በ1985 ቆሞ ነበር። በጃንዋሪ 2015 በ5 በመቶ ተመለሰ፤ ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ 15 በመቶ ሆኗል። ከእንዲህ ዓይነት ሽያጭ የመጣ ኪሳራ የሚቀነሰው ከእንዲህ ዓይነት ሽያጭ ትርፍ ላይ ብቻ ነው፤ በዚያው ዓመት፣ ካልበቃም በሚቀጥሉት ዓመታት።

ከአንድ የግል ኩባንያ በ300,000 የገዛኸውን አክሲዮን በ220,000 ብትሸጥ 80,000 ከስረሃል። ከዚያ ሌላ አክሲዮን ሸጠህ 200,000 ብታተርፍ፣ ግብሩ የሚታሰበው በ120,000 ላይ ነው። 18,000 ትከፍላለህ። ኪሳራውን ባታሳይ 30,000 ይሆን ነበር። ኪሳራ ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንደማይሄድም ልብ በሉ። አምና ለከፈላችሁት ግብር የዘንድሮ ኪሳራ አይደርስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገቡ ኩባንያዎች አክሲዮን ሲሸጥ ትርፉ ከዚህ ግብር ነፃ ነው። ትርፉ ካልተቆጠረ ኪሳራውም አይቆጠርም። በ2008 ሳፋሪኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ በ5 ሽልንግ ሲሸጥ ብዙ ተራ ሰው ገዝቶ ነበር፤ ዋጋው ግን ብዙም ሳይቆይ ከዚያ በታች ወረደ። ያኔ ተደናግጦ የሸጠ ሰው ኪሳራውን ከማንም ግብር ላይ መቀነስ አይችልም ነበር፤ የካፒታል ትርፍ ግብር ራሱ በዚያን ጊዜ አልነበረምና። ዕቁብ በልቶ የጠፋ ሰው ያደረሰባችሁ ጉዳትም የንግድ ኪሳራ ተብሎ አይጻፍም፤ ያ በሽማግሌ ወይም በፖሊስ የሚታይ ነገር ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን፣ አክሲዮን ከስሬ ከደመወዜ ግብር ተቀነሰልኝ ሲሉ ትሰማላችሁ። እውነታቸውን ነው። እዚያ የአክሲዮን ኪሳራ መጀመሪያ ከአክሲዮን ትርፍ ይቀነሳል፤ ከተረፈ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ከሌላ ገቢ፣ ደመወዝንም ጨምሮ፣ ይቀነሳል፤ የቀረው ይሻገራል። ያ የእነሱ አገር ሕግ ነው። ናይሮቢ ላይ አይሠራም።

አገራችን ከኬንያ ጋር ትቀራረባለች። አዋጅ ቁጥር 979/2008 በእኛ አቆጣጠር ገቢን በሠንጠረዥ ከፍሎታል፦ ሀ ለደመወዝ፣ ለ ለኪራይ፣ ሐ ለንግድ፣ መ ለሌሎች። አዋጁ የንግድ ኪሳራ እስከ አምስት ዓመት እንዲሻገር ፈቅዶ ነበር፤ ሆኖም የሁለት ዓመት ኪሳራ ብቻ ነው የሚያሻግረው። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ስለዚህ አገር ቤት ንግድ ያለው ዘመድ ካላችሁ አዲሱን ይመልከት።

ሦስተኛ፦ ያልተጻፈ ኪሳራ ኪሳራ አይደለም

ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በየዓመቱ እስከ ጁን 30 ድረስ ፒን ያለው ሰው ሁሉ ያለፈውን ዓመት ገቢ በአይታክስ ማሳወቅ አለበት። ያላሳወቀ ግለሰብ ቢያንስ 2,000 ሽልንግ ይቀጣል። ብዙ ሰው ቅጣቱን ስለሚፈራ ሳይበር ቤት ሄዶ፣ ኒል አድርግልኝ ይላል። ልጁም በሁለት ደቂቃ ያደርግለታል።

ኒል ማለት ግን ምንም ገቢ አልነበረኝም፣ ምንም አልሠራሁም ማለት ነው። ሱቅ ከፍቶ የከሰረ ሰው ምንም አልሠራሁም ሊል አይችልም። አንደኛ እውነት አይደለም። ሁለተኛ 150,000 ሽልንግ ኪሳራውን በገዛ እጁ ይሰርዛል። በሚቀጥለው ዓመት ሲያተርፍ፣ አምና እኮ ከስሬ ነበር ቢል፣ መዝገቡ የሚያሳየው ባዶ ነው። ስለዚህ ሳይበር ቤት ስትሄዱ ሽያጫችሁንና ወጪያችሁን በወረቀት ይዛችሁ፣ ኪሳራዬን አስገባልኝ በሉ። ሲጨርስ የተላከውን ቅጽ አስወጡና ኪሳራው መግባቱን በዓይናችሁ እዩ።

ወጪውም ማስረጃ ይፈልጋል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የንግድ ወጪ በአጠቃላይ ተቀባይነት የሚያገኘው ኢ-ቲምስ በሚባለው ዘዴ በተቆረጠ ደረሰኝ ነው። ከጅምላ ሻጭ ስትገዙ ፒናችሁን ሰጥታችሁ ይህን ደረሰኝ ጠይቁ። በእጅ የተጻፈች ብጣሽ ወረቀት ኪሳራችሁን ላታስቆጥር ትችላለች። ደረሰኙን ደግሞ አምስት ዓመት አስቀምጡ፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል።

ጊዜም አለው። ቀድሞ ኪሳራ ያለ ገደብ ይሻገር ነበር። በ2025 የወጣው የፋይናንስ ሕግ ግን የንግድ ኪሳራ ከከሰራችሁበት ዓመት በኋላ ለአምስት ዓመት ብቻ እንዲሻገር ወስኗል። ስለዚህ በደብተራችሁ ላይ የኪሳራውን መጠን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም ጻፉ።

ለተማሪዎቼ መቀነስን ሳስተምር፣ ከመቀነሳችሁ በፊት ቁጥሮቹን በትክክል አንዱን ከአንዱ ሥር ደርድሩ እላቸዋለሁ። ለነጋዴ ወገኖቼም የምለው ይህንኑ ነው። ግብራችሁ በሽያጭ ነው ወይስ በትርፍ፣ ኪሳራው ከየትኛው ጆንያ ነው፣ የየትኛው ዓመት ነው፣ ደረሰኙ የት አለ? እነዚህን አራቱን በአንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ከጁን 30 በፊት ይዛችሁ ሂዱ።