ኳሷን የሚያነሳት ዱላው ነው፦ የቺፕ ምት ተረትና እውነታ

በሁለት ጥሩ ምቶች ግሪኑ ዳር ደርሶ፣ በቀረችው 15 ሜትር ሦስትና አራት ምት የሚያባክን የጎልፍ ተጫዋች ብዙ ነው። ጉልበት ወይም ተሰጥኦ አንሶት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሲደጋገም እውነት የመሰለ ምክር ነው።

ከሁሉም የከፋው «ከሥሯ ገብተህ ወደ ላይ አንሳት» የሚለው ነው። ኳሷን የሚያነሳት የዱላው ፊት ወደ ኋላ መጋደሉ ነው። የሳንድ ዌጅ ፊት ከ54 እስከ 56 ዲግሪ ያህል ስለሚያጋድል፣ ኳሷን በትክክል ካገኛት ለቺፕ፣ ማለትም ከግሪኑ ዳር ለሚመታ አጭር ምት፣ የሚበቃ ከፍታ ይሰጣታል፤ እጅ የሚጨምርለት ነገር የለም። ለማንሳት የሚታገለውን ሰው ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። ክብደቱ ወደ ኋላ እግሩ ይሸሻል፣ የእጁ አንጓ ይታጠፋል፣ የዱላው ራስ እጁን ቀድሞ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ ወይ ዱላው ኳሷ ጋ ሳይደርስ መሬት ይቆፍርና ኳሷ አንድ ሜትር ተንከባላ ትቆማለች፣ ወይ የዱላው ጠርዝ ወገቧን መትቶ ግሪኑን አሻግሮ ይሰዳታል። ሁለቱ ስህተቶች ተቃራኒ ቢመስሉም በሽታቸው አንድ ነው። ክብደትን ከጅምሩ ወደ ፊተኛው እግር አዘንብሎ እስከ መጨረሻው እዚያው ማቆየት አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል።

«ኳሷን ወደ ኋላ እግርህ አስጠጋት፣ እጅህን አስቀድም» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ያሳስታል። ዱላው በትንሹ ወደ ታች እየወረደ ኳሷን ማግኘቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የዌጅ ግርጌ ከፊት ጠርዙ ይልቅ ኋላው ዝቅ ብሎ የተሠራው ሳሩ ላይ እንዲንሸራተት ነው፤ ባውንስ የሚባለው ይህ ነው። እጅ ከልክ በላይ ሲቀድም ባውንሱ ሥራውን ያጣል፣ ጠርዙም እርጥብ መሬት ውስጥ ይሰካል። ኳሷ ከእግሮቻችሁ መሃል ጥቂት ወደ ኋላ ብትሆን፣ እጃችሁም በትንሹ ብቻ ቢቀድማት በቂ ነው።

ቺፕ ሁሉ በሳንድ ወይም በሎብ ዌጅ ይመታል የሚለው እምነት፣ በቴሌቪዥን ከሚታዩ ከፍ ያሉ ምቶች የመጣ ይመስለኛል። ለአብዛኞቻችን የሚሻለው ኳሷን ቶሎ ግሪኑ ላይ አሳርፎ እንድትንከባለል መተው ነው። የቆየ ስሌት አለ፦ ከ12 ላይ የዱላውን ቁጥር ቀንሱ፤ የሚቀረው ቁጥር ኳሷ በአየር ከሄደችው ስንት እጥፍ እንደምትንከባለል ይነግራችኋል። በ8 ቁጥር አይረን አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ 15 ሜትር ቢቀር 3 ሜትር በአየር፣ 12 ሜትር በመሬት ትሄዳለች። ፒቺንግ ዌጅ እንደ 10 ስለሚቆጠር 5 ሜትር በአየር፣ 10 በመሬት ይሆናል። ይህ ለሜዳማ ግሪን ነው፤ ዳገት ላይ ያነሰ፣ ቁልቁለት ላይ የበለጠ የሚያጋድል ዱላ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነቱ ዝቅ ያለ ምት የታወቀው ባለሙያ ተጫዋች ፖል ረንያን ቺፕ እንደ ፓተር ምት፣ አንጓ ሳይታጠፍ እንዲመታ ያስተምር ነበር። በ1938 በፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ ፍጻሜ ከእሱ እጅግ አርቆ የሚመታውን ሳም ስኒድን ገጠመ። 7 ቀዳዳ ሲቀር በ8 እየመራ አሸነፈው።

ከፍ ያለ ምት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ1982 የአሜሪካ ኦፕን ቶም ዋትሰን በፔብል ቢች 17ኛው ቀዳዳ ላይ ኳሱ ረጅም ሳር ውስጥ ነበረች፤ ባንዲራው ቅርብ ስለነበር ለመንከባለያ የሚሆን ቦታ አልነበረም። በሳንድ ዌጅ በስሱ አንስቶ አስገባት፣ ጃክ ኒክላውስንም በሁለት ምት በልጦ አሸነፈ። ላሪ ማይዝ በ1987 ማስተርስ ከ40 ሜትር በላይ ርቀት ግሬግ ኖርማንን ያሸነፈባት ኳስ ግን ከግሪኑ በፊት መሬት አርፋ፣ ነጥራ፣ ተንከባላ ነው የገባችው። እሱ ፊት ለፊቱ ሰፊ ቦታ ነበረው።

ቅጣት ፈርተው ባንዲራውን ነቅለው ቺፕ የሚመቱም አሉ። እስከ 2019 ድረስ ቅጣት የነበረው፣ ግሪኑ ላይ ሆኖ የተመታ ኳስ የተተከለውን ባንዲራ ሲነካ ነው፤ ከግሪን ውጪ ለሚመታ ይህ ቅጣት አይሠራም ነበር። የባንዲራው ዘንግ ወደ እናንተ ካላጋደለ ይቆይ፤ የፈጠነችን ኳስ ያስቆማል።

የመጨረሻው «ዓይንህን ከቀዳዳው አትንቀል» የሚለው ነው። የቺፕ ዒላማ ኳሷ የምታርፍበት ቦታ ነው። ስትለማመዱ እዚያ ላይ የታጠፈ ፎጣ አንጥፉና እሱን ብቻ አነጣጥሩ። ፎጣውን ስታ ቀዳዳው አጠገብ የቆመችን ኳስ እንደ ስኬት አትቁጠሯት። ፎጣው ላይ አርፋ አልፋ የሄደችው ትበልጣለች፤ ለሷ የበለጠ የሚያጋድል ዱላ ብቻ ምረጡላት፣ ምታችሁን አትቀይሩ።