የፕላስቲክ ሰደፍ ስንት ያወጣል?

ጠመንጃ ሲባል ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ብረቱ ነው። ቀረርቶውም ፉከራውም ምንሽሩን፣ ውጅግራውን፣ አልቢኑን በስም እየጠራ ያሞግሳል እንጂ ትከሻ ላይ ስለሚያርፈው እንጨት ጉዳዬም አይል። ሰደፍ የሚታወሰው ሰው ሲመታበት ነው። እንጨቱ እንኳ እንዲህ ከተረሳ፣ ፕላስቲክ የሆነ ሰደፍማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

እኔ አየሁት። ባለፈው ዓመት ሚኒሶታ የሚኖሩትን አጎቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ጋራዣቸው ውስጥ አንድ አሮጌ የፕላስቲክ ሰደፍ ሳጥብ፣ ስፈገፍግና ስቀባ አመሸሁ። «ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?» ለምትሉ፣ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ሆኖ ይመጣል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። በዚህ ዘመን ባገራችን ስለ ጠመንጃ መጻፍ ቀላል አይደለም። የኔ ትውልድ ጠመንጃን የሚያውቀው ከዜና ነው፤ ዜናው ምን እንደሚመስል ደግሞ ለእናንተ አይነገርም። የጦር መሣሪያ ጉዳይ እኛ ጋ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ስለሆነ ማንም ተነስቶ ጓዳው ውስጥ የሚሞክረው ነገር አይደለም። የማወራችሁ አደን በፈቃድ ስለሚታደንበት አገርና ስለ አንድ ሰው ትከሻ ነው።

አጎቴ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። የአሜሪካ ዜጋ ናቸው፤ የአደን ፈቃድም አላቸው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ የአጋዘን አደን ሲከፈት ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ሰሜን ሚኒሶታ ጫካ ይወጣሉ። ሁለቱ አበሾች ናቸው፤ ሦስተኛው በፊት አብሯቸው ይሠራ የነበረ ጡረተኛ አሜሪካዊ ነው። ሥጋ ከተገኘ ተመስገን፤ ካልተገኘም ቡናው፣ እሳቱና ወሬው አለ። እዚያ አገር ብርዱ ረጅም ነው። ሰው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ሲል ዓመቱ ያልቅበታል። ለአጎቴ እነዚያ ጥቂት ቀናት ከሰው ጋር የሚያገናኟቸው ገመድ ነበሩ።

ከዚያ የቀኝ ትከሻቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጠመንጃው ሲተኮስ ይራገጣል፤ ርግጫው የሚያርፈው ደግሞ እዚያው የተሰፋው ቦታ ላይ ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ «ዘንድሮ ይቅርብኝ» ብለው ቀሩ። ሰደፉም ሌላ ጣጣ ነበረው። ጠመንጃውን ሲገዙት ያገለገለ ስለነበር፣ የቀድሞው ባለቤት ላስቲክ የሚመስል ቀለም ረጭቶበታል። ያ ቀለም በዓመታት ብዛት ቀልጦ እንደ ማር የሚያጣብቅ ሆኗል። የነካው እጅ ይጠቁራል፤ አቧራውም የጨርቅ ብናኙም ይሰበሰብበታል። የአጎቴ ልጅ አንድ ምሽት «አባዬ፣ ሽጠውና ይብቃህ» አለ። አጎቴ ዝም አሉ። ዝምታቸው ጥሩ አልነበረም።

ለመሆኑ ሰደፍ እንዴት ፕላስቲክ ሆነ? እንጨት ያምራል፣ ግን እርጥበት ይጠጣል። ሲያብጥና ሲጣመም የጠመንጃውን ብረት ይጫነዋል፤ ያኔ ትናንት ዒላማውን የመታው ጥይት ዛሬ ወደ ጎን ይሄዳል። በ1930ዎቹ ናይለንን የፈለሰፈው ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ነው፤ ሬሚንግተን የተባለው የጠመንጃ ፋብሪካም በጊዜው በዱፖንት ሥር ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው እ.ኤ.አ. በ1959 «ናይለን 66» የተባለች ትንሽ ጠመንጃ ገበያ ላይ አወጡ። እንጨት የሚባል ነገር የላትም። ሰው ስቆ ነበር፣ «አሻንጉሊት ነች» ብሎ። በዚያው ዓመት የፋብሪካው ሰው ቶም ፍራይ ወደ ላይ የተወረወሩ 100,010 ትንንሽ የእንጨት ቁርጥራጮችን ተኩሶ የሳተው 6 ብቻ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። የአሜሪካ ማሪን ወታደሮች ደግሞ በ1966 ለአልሞ ተኳሾቻቸው የመረጡት ጠመንጃ የእንጨት ሰደፍ ነበረው። የቬትናም እርጥበት እንጨቱን ሲያበላሸው በ1970ዎቹ ወደ ፋይበርግላስ ዞሩ። የአጎቴ ሰደፍ የዚህ ዘር ርካሽ የልጅ ልጅ ነው፤ በሻጋታ ውስጥ ተጨምቆ የወጣ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ጥቁር ፕላስቲክ።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት አጎቴ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጡ፤ ቃታውን አወጡ፣ ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈቱ፣ ብረቱን ካዝና ውስጥ ቆለፉበት። ለእኔ ሰደፉን ብቻ ሰጡኝ። ይሄ ጥንቃቄ ብቻ አይደለም፣ ሕግም ነው። በጉብኝት ቪዛ የገባ የውጭ አገር ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ውስን ሁኔታ ካላሟላ በቀር፣ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። በሕጉ ዓይን ጠመንጃ የሚባለው ደግሞ ቁጥር የተመታበት ብረት ነው። ሰደፉ ለብቻው ሲሆን ፕላስቲክ ነው፤ እንደ መጥረጊያ እጀታ ማለት ነው። «አንተ ልጅ፣ ያንተ ድርሻ ዕቃው ነው፣ የኔ ብረቱ» አሉኝ። በዚሁ ተስማማን።

መጀመሪያ እጥበት። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ቅባቱና አፈሩ ሲለቅ የሚያጣብቀው ሽፋን ብቻውን ቀረ። ለሱ መድኃኒቱ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ጨርቅ ነክሮ ማሸት፣ የተለሰለሰውን በማያገለግል የባንክ ካርድ መፋቅ፣ እንደገና ማሸት። ቤታችሁ የሚያጣብቅ የካሜራ መያዣ ወይም የሬዲዮ ቁልፍ ካለ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው፦ ለስላሳው ላስቲክ መሰል ሽፋን በእርጥበትና በዕድሜ ይፈርሳል። አሴቶን ግን ሳታስቡ አታፍስሱ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ምንም ነገር ስትሞክሩ በማይታይ ቦታ ጀምሩ። እኔ የሞከርኩት ብረቱ በሚተኛበት ቦይ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት፦ 220፣ ከዚያ 320፣ በመጨረሻ 400፣ ሁሉም በውሃ እየራሰ። ውሃው ብናኙን ይይዘዋል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ፕላስቲኮች የመስታወት ክር ስላለባቸው ብናኙ ሳንባ አይወድም፤ ማስክና ጓንት ግድ ነው። የሻጋታው መጋጠሚያ በሆዱ በኩል እንደ ጠባሳ ተጋድሞ ነበር፣ እሱም በዚሁ ጠፋ።

ከዚያ ጥንካሬው። በርካሽ ሰደፍ ላይ ግራ እጅ የሚይዘው የፊተኛው ክፍል ይለመጣል፤ ሲለመጥ በርሜሉን ይነካል፣ ጥይቱም ይዛባል። ይሄን የሚለካው መሣሪያ ባለ አንድ ዶላር ኖት ነው። አጎቴ ብረቱን ለጊዜው መልሰው ገጠሙትና ኖቱን በበርሜሉና በሰደፉ መካከል አስገብተው ጎተቱት። መሀል መንገድ ላይ ተያዘ። እንግዲህ የኔ ሙያ የሆነችው ዶላር እዚህም ገባች ማለት ነው። መልሰው ፈቱልኝ። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ክፍልፋይ ስለሆነ በግድግዳዎቹ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች በስቼ፣ ሁለት የቀስት ዘንጎች በቁመት አስተኝቼ ኢፖክሲ ሞላሁበት። ቀዳዳዎቹ ለምን? ይህን የመሰለ ፕላስቲክ ማጣበቂያ በደንብ አይቀበልም፤ ኢፖክሲው በቀዳዳዎቹ አልፎ ሲደርቅ ግን ራሱን እንደ ምስማር ይቆልፋል። በማግስቱ ኖቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይያዝ አለፈ።

አሁን ወደ ትከሻው። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት የልብስ እጅጌ ማለት ነው። ፋብሪካ ብዙውን ጊዜ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጎ ይሠራዋል። አጎቴ አጭር ናቸው፤ በዚያ ላይ በኖቬምበር ብርድ ወፍራም ጃኬት ይደርባሉ። ስለዚህ ሰደፉ ሁልጊዜ ይረዝምባቸው ነበር፤ ትከሻቸው ኪስ ላይ በትክክል መቀመጥ ሲገባው ወደ ክንዳቸው ይንሸራተታል። ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር በሴጌቶ ቆረጥን። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቅርፁን ተከትሎ የተጠረበ እንጨት ገባበት፤ በኢፖክሲም በብሎንም ታሰረ። በላዩ ከድሮው ስስና ደረቅ ላስቲክ በእጥፍ የሚወፍር ለስላሳ ላስቲክ ተገጠመ። ሲደመርና ሲቀነስ ሰደፉ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጠረ፤ ርግጫውን የሚውጠው ትራስ ደግሞ ወፈረ።

ጉንጭ የሚያርፍበትም ቦታ አለ። መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ላይ ዓይን ከፍ ማለት አለበት፤ አለዚያ ተኳሹ አንገቱን እንደ ሰጎን ያሰግጋል። ከካምፕ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ፣ በላዩ ከአሮጌ ጃኬት የተቀደደ ቆዳ፣ በክር የሚታሰር። ፈተናው ቀላል ነው፦ ዓይን ጨፍኖ ባዶውን ጠመንጃ ትከሻ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ዓይን መግለጥ። ዓይኑ ያለ ፍለጋ መነጽሩ መሀል ላይ ካረፈ በቃ። ትራሱ ግን ቃታው ወደ ኋላ ሲሳብ እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ተከራከርን። አጎቴ «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይሁን» አሉ፤ ልጃቸው በሳቅ ሞተ። የሚገርመው፣ አጋዘን ቀይና ብርቱካናማ ቀለምን እንደኛ አይለይም። ሚኒሶታ ውስጥ አዳኞች እርስ በርስ እንዳይተኳኮሱ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ እንዲለብሱ የሚገደዱት፣ ሰው ሲያየው አጋዘኑ ብዙም ስለማይደነግጥበት ነው። ቢሆንም በአፈር ቀለም ተስማማን፦ ቀለሙ ፕላስቲኩን እንዲይዝ የሚያደርገው ሥር ቀለም፣ ከዚያ ስስስስ ያሉ የቡኒ ሽፋኖች፣ በላዩ በስፖንጅ ነካ ነካ የተደረገ የወይራ አረንጓዴና የጭድ ቀለም፣ መጨረሻ ላይ የማያብረቀርቅ መከላከያ። ሦስቱ ቀለማትም አልቀሩም፤ ከትከሻው ላስቲክ ሥር፣ እንጨቱ ላይ፣ ማንም በማያይበት ቦታ አሉ።

ከሳምንት በኋላ መተኮሻ ሜዳ ሄድን፤ እኔ ከመስመሩ ኋላ፣ ጆሮዬን ሸፍኜ። በ100 ያርድ ርቀት በፊት መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ይበተኑ የነበሩ ሦስት ጥይቶች የቡና ሲኒ አፍ በሚያህል ክብ ውስጥ ገቡ። እኔ ያየሁት ግን ወረቀቱን ሳይሆን የአጎቴን ፊት ነው። ተኮሱ፤ ፊታቸው አልተኮሳተረም።

አሁን ሒሳቡ። ለዕቃ ያወጣነው 95 ዶላር ነው። የአጎቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ በ130 ዶላር አዲስ የፕላስቲክ ሰደፍ አሳየኝ። ልዩነቱ 35 ዶላር፤ እኔ ያጠፋሁት ደግሞ ወደ ሃያ ሰዓት። በሰዓት ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ይዤ ብፈርድ፣ ሥራው ኪሳራ ነው። ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1980 እንደጻፈው ሰው የራሱን ነገር ከገበያ ዋጋው በላይ ይገምታል፤ በ2012 የታተመ የኖርተን፣ የሞቾንና የአሪየሊ ጥናትም በእጃችን የገጣጠምነውን ነገር ከሚገባው በላይ እንደምንወደው ያሳያል። «ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው» ሊሉን ይችላሉ።

ግን የንጽጽሩን ሌላኛ ወገን እንይ። የ130 ዶላሩ አዲስ ሰደፍ የሚመጣው በዚያው በፋብሪካ ልክ ነው። የአጎቴን ክንድ፣ የአጎቴን ጃኬት፣ የአጎቴን ስፌት አያውቅም። ገበያው የሚሸጠው ለአማካይ ሰው ነው፤ አማካዩ ሰው ደግሞ ትከሻው አልታመመም። ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፦ የዕቃ ዋጋ የሚወሰነው ለማን እንደሚሆን ሲታወቅ ነው። ስለዚህ የኔ ሕግ እንዲህ ነው። ዕቃው የፋብሪካ መልኩን የያዘ፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ከሆነ፣ ለምሳሌ ንጹሕ «ናይለን 66» ቢሆን፣ አትንኩት፤ ቀለም በቀባችሁት ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ተራ ዕቃ ከሆነና የሚፈለገው አዲስ መልክ ብቻ ከሆነ ደግሞ ግዙት፣ ይረክሳል። የሚፈለገው ለአንድ ሰው አካል እንዲስማማ ከሆነ ግን መጋዙን አንሱ።

ኖቬምበር ላይ አጎቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጡ። አጋዘን አላገኙም። አራት ቀን ቆይተው፣ ጭስ ጭስ እየሸተቱ፣ የጓደኞቻቸውን ወሬ ይዘው ተመለሱ። የአጎቴ ልጅ በስልክ ሲነግረኝ አንድ ጥያቄ ጨመረ።

«ቆይ፣ አሁን ብንሸጠው ስንት ያወጣል?»

«ከበፊቱ ያንሳል» አልኩት። እውነቴን ነው፤ የአንድ ሰው ልክ የሆነ ዕቃ ለሌላው አይሆንም።

ከኋላው የአጎቴ ድምፅ ተሰማ። «ማን ይሸጠዋል አለህ?»