ያረጀውን አዳራሽ ያለበሰው ድንጋይ ጠራቢ

«ባሲሊካ» ሲባል ቤተ ክርስቲያን የሚመስላችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ ጥቂት ታገሡ። በሰሜን ጣሊያን በቪቼንሣ ከተማ፥ ፒያሳ ዴ ሲኞሪ በሚባለው አደባባይ ዳር የቆመው ባሲሊካ ቅዳሴ የሚቀደስበት አይደለም። ከላይ ሸንጎ የሚቀመጥበት፥ ከሥሩ ነጋዴ የሚነግድበት ቤት ነበር። ስሙን ያወጣለት መሐንዲሱ ፓላዲዮ ነው፤ የጥንት ሮማውያን ዳኝነት የሚታይበትን አዳራሽ ባሲሊካ ይሉት ነበርና።

የከተማው ሰዎች ታላቁን አዳራሽ የሠሩት በ15ኛው መቶ ዓመት ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ዙሪያውንም ባለሁለት ደርብ የቅስት በረንዳ አለበሱት። ብዙም ሳይቈይ በ1496 የበረንዳው አንድ ማዕዘን ተናደ። ምን ይደረግ? ምክሩ ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። ሳንሶቪኖ፥ ሰርሊዮ፥ ሳንሚኬሊ፥ ጁሊዮ ሮማኖ፥ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩት መሐንዲሶች በየተራ እየተጠሩ ሐሳባቸውን ሰጡ። ኮሚቴ የዛሬ ፈጠራ ይመስላችሁ ነበርን? በመጨረሻ በ1549 ምክር ቤቱ ሥራውን ከእነዚህ ለአንዳቸውም አልሰጠም፤ የእህል ፈጪ ልጅ ለሆነው፥ ድንጋይ በመጥረብ ላደገው የ40 ዓመት ሰው ሰጠው እንጂ።

አሁን ችግሩን ልብ በሉ። አዳራሹ ቀድሞ ከነበሩ ቤቶች ላይ የተሠራ፥ በሥሩም መተላለፊያ የሚያልፍበት በመሆኑ፥ በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለው ስፋት አንዱ ሰፋ፥ አንዱ ጠበብ ይላል። እኩል ቅስት ቢደረደርበት አይገጥምም። ቅስቱ እንደየስፋቱ ቢሠራ ደግሞ አንዱ ከፍ፥ አንዱ ዝቅ ብሎ መሳቂያ ይሆናል። ፓላዲዮ ቅስቶቹን እኩል አደረጋቸው፤ በየቅስቱ ግራና ቀኝ ግን በቀጫጭን ዐምዶች የተለየ፥ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ክፍተት ተወ። ቦታው ሲሰፋ የሚሰፋው፥ ሲጠብም የሚጠበው ይኸው ክፍተት ነው። የተመልካች ዓይን ቅስቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ልዩነቱን አያስተውለውም። የቅስቱን ዓይነት እርሱ አልፈለሰፈውም፤ ሰርሊዮ አስቀድሞ በመጽሐፍ አሳትሞት ነበር። በእኔ አስተያየት ግን የት እንደሚጠቅም ማወቅ ከመፈልሰፍ አያንስም።

ፓላዲዮ በ1580 ሲሞት ሥራው ገና ነበር፤ የተፈጸመው ከ30 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በመጋቢት 1945 ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ፥ የተገለበጠ የመርከብ ሆድ የሚመስለውን ባለመዳብ ጣሪያ አቃጠለው። ጣሪያው ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠራ፤ ከ2007 እስከ 2012 ድረስም ሕንጻው በሙሉ ታደሰ። ዩኔስኮም ከተማይቱን ከነፓላዲዮ ሥራዎቿ በ1994 በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፏታል።

የዚህን ሕንጻ ፎቶግራፍ ባገኛችሁ ጊዜ መካከሉን ትታችሁ ማዕዘኑን ተመልከቱ። በዚያ ቦታው እጅግ ስለ ጠበበ፥ የጎን ክፍተቶቹ ሊጠፉ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ቅስቱ ግን ያው ነው።