ምዕራፍ 6፦ መግቢያ እንጂ መውጫ የሌለው ግቢ

እንስሳትን ለመታደግ በተከፈተ ግቢ ውስጥ የተራቡና የቆሰሉ እንስሳት ተገኙ ሲባል፣ ሰው ወዲያው የሚሰጠው ማብራሪያ ያንገበግበኛል። «ድሮም በእንስሳ ስም ሊበሉ ነው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። በእንስሳ ስም ገንዘብ የሚሰበስብ አጭበርባሪ አለ፤ አልክድም። እኔ ግን በሙያዬ የገባሁባቸውን እንዲህ ያሉ ግቢዎች ሳስታውስ፣ አብዛኞቹን የከፈቱት ሰዎች ከጉርሳቸው ቀንሰው ለውሻ የሚሰጡ ነበሩ። ክፉ ሰው ለምን እንደበደለ ማስረዳት አይከብድም። የሚከብደው፣ ለእንስሳ ብሎ ቤቱንና ጤናውን የሰጠ ሰው እንዴት እንስሳ በረሃብ የሚሞትበት ግቢ ባለቤት እንደሚሆን ማስረዳት ነው። መልሱን ሰው ልብ ውስጥ ይፈልገዋል። እኔ ያገኘሁት ሂሳብ ውስጥ ነው።

ሂሳቡን ለማየት መርካቶ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ እንሂድ። ከቤተ ክርስቲያኑና ከአንዋር መስጊድ ብዙ ሳይርቅ እህል በረንዳ አለ። ጠዋት ጠዋት ጤፍና ስንዴ ይገባል፣ ተሸካሚው ያወርዳል፣ ነጋዴው ይመዝናል፣ መጋዘኑ ይቀበላል። የእህል ነጋዴ ሳይማር የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ። መጋዘኑ ውስጥ ስንት ኩንታል እንደሚተኛ የሚወስነው በቀን ስንት እንደገባ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ኩንታል ስንት ቀን እንደተቀመጠ ጭምር ነው። ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ በሂሳብ አረጋገጠው፦ ውስጥ ያለው ብዛት፣ የሚገባው በቆይታው ሲባዛ ነው። ዛሬ የባንክ ሰልፍም የሆስፒታል አልጋም በዚህ ይሰላል።

እንግዲህ በሳምንት 2 ውሻ የሚቀበል ግቢ እንውሰድ። እያንዳንዱ ታክሞ፣ መክኖና ተከትቦ በ4 ሳምንት አሳዳጊ ቤት ከሄደ፣ በማናቸውም ቀን ግቢው ውስጥ 8 ውሻ ይኖራል። አሳዳጊ ጠፍቶ ቆይታው 20 ሳምንት ከሆነ ግን 40 ይሆናል። ልብ በሉ፤ የሚገባው አንድም አልጨመረም። የግቢው ሰውም ደግነቱ አልቀነሰም። በአሜሪካ የመጠለያ ባለሙያዎች ለአንድ እንስሳ በቀን ቢያንስ 15 ደቂቃ ይመድባሉ፤ 9ኙ ለጽዳት፣ 6ቱ ለመመገብ። 8 ውሻ የ2 ሰዓት ሥራ ነው። 40 ውሻ የ10 ሰዓት ሥራ ነው፤ ቁስል ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት፣ ስልክ መመለስና ገንዘብ መለመን ገና አልተቆጠረም። አንድ ሰው ይህን አይችልም። ስለዚህ ሳይወስን ይወስናል፤ መጀመሪያ ጽዳቱ ይቀራል፣ ቀጥሎ ሕክምናው፣ በመጨረሻ ምግቡ።

እስካሁን ያልነው ይህ ነው፦ ብዛት የሚመጣው ከመግቢያውና ከቆይታው ነው፤ ቸልተኝነት ደግሞ ብዛቱ ከእጅ ሲበልጥ የሚወለድ ነው።

ከመጋዘኑ ገና አልወጣሁም፤ ብዙ ያስተምረናል። ነጋዴ አዲስ ኩንታል ሲቀበል እጁን ከቶ ያያል፤ ነቀዝ ካለበት ከሌላው ጋር አይደረድረውም። መጠለያ ግን ያገኘውን ውሻ በዚያው ሌሊት ከሌሎቹ ጋር ያስተኛል፤ ፓርቮ የተባለ ተላላፊ በሽታ ያለባት አንዲት ቡችላ ግቢውን ሙሉ ልትበክል ትችላለች። ከሥር የተደረደረ ኩንታል ሳይታይ ይሻግታል፤ በመጠለያም የሚጮኸውና የሚላላሰው ይበላል፣ ጥግ ይዞ የሚተኛው ይከሳል። ደላላ የሌለው እህል አይሸጥም፤ አሳዳጊ የሚያፈላልግ ሰው የሌለው ግቢም አያስወጣም። አሁን ደግሞ ኩንታሉ ራሱ የሚበላ ቢሆንስ? በዚያ ላይ የሚወልድ ቢሆንስ? ጤፉ በየስድስት ወሩ ሌላ ስድስት ኩንታል ቢወልድ፣ ነጋዴው በሩን ቆልፎ ቁልፉን ቢጥለው እንኳ መጋዘኑ መሙላቱን ይቀጥላል። ያልመከነች ውሻ ያለችበት ግቢ ማለት ይህ ነው። በሩ ተዘግቶም ይገባል።

የዚህ ምሳሌ የአዲስ አበባው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነው። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1948 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተከፈተ ነው። ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶቹ በዘር ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች እንደሚለዩ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በነዚህ ብርቅዬ አንበሶች ላይ የሆነው ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ2006 ግቢው ለመኖሪያ ቦታም ለቀለብ ገንዘብም ስላልነበረው ደቦሎችን በመርዝ እየገደለ፣ ሬሳቸውን አድርቀው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ እንደሚሸጥ ተዘገበ። ዓለም ጮኸ፤ «አረመኔዎች» ተባለ። እኔን ያሳዘነኝ ከግድያው በፊት የነበረው ጊዜ ነው። ወንድና ሴት በአንድ አጥር ሲያድሩ፣ የአንበሳ እርግዝናም አራት ወር እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ መውጫውን ቀድሞ ያሰበ አልነበረም። የስድስት ኪሎው ግቢ የከተማው አስተዳደር ነበር እንጂ የበጎ አድራጎት ማኅበር አልነበረም። ሂሳቡ ግን ማንነት አይጠይቅም።

ወደ ሰዎቹ እንመለስ። አሜሪካ ውስጥ በታፍትስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1997 እንስሳ የሚያከማቹ ሰዎችን የሚያጠና ቡድን ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ የእንስሳት ሐኪሙ ጋሪ ፓትሮኔክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን በብዛት ብቻ አልለካውም። መቶ እንስሳ በደንብ የሚይዝ ሰው አለ፤ አሥሩን የሚያስርብ አለ። ፓትሮኔክ የተመለከተው የሰውየውን ዓይን ነው፦ እንስሳው ሲከሳ፣ ግቢው ሲበሰብስ፣ የራሱም ጤና ሲወድቅ እያየ አያይም። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ሦስት ዓይነት ሰው ለየ፤ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ተንከባካቢ፣ «አዳኝ» ነኝ የሚለው፣ እና በዝባዡ። የመጀመሪያው ችግሩን ያውቃል፤ የትዳር ጓደኛው ሞቶ ወይም ሥራው ቀርቶ ነው የተሰበረው፤ እርዳታ ሲመጣለት እፎይ ይላል። ሦስተኛው አጭበርባሪው ነው። መካከለኛው የዚህ ምዕራፍ ሰው ነው። ከእኔ በቀር ማንም አያድናቸውም ብሎ ያምናል። ለሌላ ሰው መስጠት ክህደት ይመስለዋል። እምቢ ማለትን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር መመሪያም እንስሳ ማከማቸትን ዕቃ ከማከማቸት ሕመም ጋር አያይዞ ጠቅሶታል።

ለዚህ ምሳሌ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ ከተባለ የውሾች መጠለያ 298 ውሾች ተወስደዋል፤ በዚያው ዓመት ፍሎሪዳ ውስጥ ካቡድል ራንች ከተባለ የድመቶች ማደሪያ ወደ 700 የሚጠጉ። ሁለቱም ስማቸው የታወቀና ሰው አምኖ እንስሳውን የሚሰጣቸው ነበሩ።

በራጉኤል አካባቢ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ጎረቤት በሽታ ፈርቶ ጠራኝ። ግቢው የቀበሌ ቤት ነው፤ ውስጡ ውሻና ድመት ብቻ። አንዲት እናት በር ላይ ተቀበሉኝ፤ ነጠላቸው ንጹሕ፣ አነጋገራቸው የሚጣፍጥ። ወደ ውስጥ ስገባ የሽንቱ ጭስ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ የድመቶቹ ዓይን ሁሉ እንባ አዝሏል። እሳቸው ግን ምንም አይሸታቸውም ነበር። ይህ ውሸት አይደለም፤ አፍንጫ ቀን ከሌት ያለበትን ሽታ መንገር ያቆማል።

«እማማ፣ ስንት ናቸው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የእግዜር ፍጥረት ይቆጠራል እንዴ? ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር ቸነፈር አይደል የመጣበት?»

ስለ አምላካቸው ሲያወሩ መከራከር አይገባኝም ነበር። ደብተር አውጥቼ «እንግዲያው እንቁጠራቸው ሳይሆን እንመዝግባቸው፤ ክርስትና ስማቸውን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ስም ሁሉ ነበራቸው! እየጠሩ፣ እያጻፉኝ ሄዱና መሃል ላይ ዝም አሉ። የጠሯቸው ሁሉ አልመጡም ነበር። ከአልጋው ሥር፣ ከጆንያው ኋላ የሞቱትን ያኔ ነው ያገኘናቸው። እሳቸው አልደበቋቸውም። አላዩአቸውም።

ለምን አላስወጡም? መልሳቸው «መንገድ ላይ መርዝ ያበሏቸዋል» የሚል ነበር፤ እውነታቸውን ነው። በአዲስ አበባ የመንገድ ውሻ ቁጥርን ለመቀነስ ስትሪክኒን ሲበተን ኖሯል። መርዙ የሚገድለው የበላውን ውሻ ብቻ አይደለም፤ የመጠለያውንም መውጫ ይዘጋል። ይዞ፣ አምክኖ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ሰጥቶ ወደ ሰፈሩ መመለስ በብዙ አገር የሚሠራ ዘዴ ነው፤ የሚሠራው ግን የተመለሰው ውሻ ማግስቱን በማይመረዝበት ከተማ ነው። እኒያን እናት «እብድ» ያሏቸው ሰዎች ይህን አላሰቡም።

የአህያው ነገር ደግሞ ይለያል። መርካቶ የሚሠራ አህያ ጀርባው ገጣባ ሲሆን ወይም ሲያረጅ ይጣላል። ሥጋው በአገራችን ስለማይበላ ለምግብ አይታረድም፤ ከተማ ዳር ተነድቶ ለጅብ ይተዋል። ይህን ያየ ሰው አጥር ሠርቶ ቢሰበስባቸው አይፈረድበትም። ግን አህያ በእረፍትም ይሞታል። ድንጋይ ላይ ሲሄድ የሚያልቀው ሰኮና ጭቃ ላይ ሲቆም ይረዝማል፣ ይታጠፋል፤ በየሁለት ወሩ ገደማ የሚከረክምለት ሰው ይፈልጋል። በርኅራኄ ፉርሽካና ፋጉሎ እየተጨመረ ሲበላ ይወፍርና ሰኮናው ውስጥ ይቃጠላል፤ የሚስማማው ጭድ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ወዳጅነቱ ነው። ከጓደኛው የተለየ አህያ መብላት ሊያቆም ይችላል። መብላት ሲያቆም ሰውነቱ ስቡን ወደ ደም ይለቀዋል፣ ጉበቱ ይሞላል፣ በቀናት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ሲታመም ደግሞ አይጮህም፤ ራሱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይቆማል። በአንድ ግቢ ሠላሳ አህያ ከቆመ ራሱን ዝቅ ያደረገውን ማን ይለየዋል? ቀለቡንም አስሉት፤ አንድ የአገራችን አህያ በቀን 2 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ቢበላ፣ ሠላሳው በወር 18 ኩንታል ይጨርሳሉ።

እንግሊዝ አገር የአህያ መጠለያ ለመሠረቱት ኤልዛቤት ስቬንድሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ስልክ ተደወለላቸው። ቫዮሌት ፊልፒን የተባሉ አህያ ሰብሳቢ ሴት ሞተው በኑዛዜያቸው 204 አህያ አውርሰዋቸዋል።  ስቬንድሰን ተቀበሉ፤ ድርጅታቸው ዶንኪ ሳንክቹዋሪ አድጎ ከዓመታት በኋላ ኢትዮጵያ ገባ፤ ከቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሠራ፤ በመርካቶም አህዮችን በነፃ አከመ። እዚህ የመረጡትን መንገድ አስተውሉ። አህያው ይመጣል፣ ቁስሉ ይታጠባል፣ ጫኚው ስለ ኮርቻና ስለ ጭነት ይመከራል፣ አህያውም ከባለቤቱ ጋር ይመለሳል። ቆይታው ጥቂት ሰዓት ነው። በሊትል ሂሳብ ግቢው አይሞላም ማለት ነው፤ የታከመው ግን እልፍ።

ይህን ስናገር የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ። «የቆሰለውን መልሰህ ላቆሰለው ትሰጣለህ?» ይሉኛል። እግሩ የተሰበረ አህያ ሲመጣ ደግሞ መርፌ ወግቶ ማሳረፍን «ነፍስ ማጥፋት» ይሉታል። በዚህ ጉዳይ አልለሳለስም። መዳን የማይችል እንስሳ በሐኪም እጅ በደቂቃ ማረፉን፣ በአጥር ውስጥ ለሳምንታት በቁሙ ከመበስበሱ እመርጣለሁ። «አንድም አንገድልም» ብሎ የሚፎክር ግቢ በረሃብ የሞቱበትን የት እንደሚጽፍ ንገሩኝ።

ገንዘብ ሰጪውም፣ ተቆጣጣሪውም ስንት እንደሞቱና ለምን እንደሞቱ አይጠይቁም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ከወጪው 70 በመቶ ለዓላማ፣ ከ30 ያልበለጠው ለአስተዳደር ይሁን አለ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደሩን ወደ 20 አወረደው። ስለ ብር ጥሩ ጥያቄ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም እንስሳን ማሰቃየትንና ቸል ማለትን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል፤ ግን ግቢው በር ላይ ቆሞ የሚቆጥር የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ደረሰኙ ይመረመራል፣ እንስሳው አይመረመርም። ለጋሹ ደግሞ «ዘንድሮ ስንት አዳናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ መግቢያውን ብቻ ይቆጥራል፤ ግቢውን እንዲሞላ የሚገፋውም እሱ ነው። ብዙ ያስገባ ብዙ ብር ያገኛል፤ በጊዜ «ሞልቷል» ያለው ሰነፍ ይባላል።

ስለዚህ እንስሳ የሚታደግ ግቢ ለመርዳት ስትሄዱ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ደብተሩን ለማየት ጠይቁ። ዛሬ ስንት አሉ? ከሁሉ የቆየው መቼ ገባ? ባለፈው ወር ስንት ወጡ፣ ወዴት? ስንት ሞቱ፣ በምን? ደህና የሚሠራ ሰው የሞቱትን ሳያፍር ይነግራችኋል፤ ጽፎታልና። እኒያ የራጉኤል እናት አሁን ጥቂት ውሾችና ድመቶች ይዘዋል፤ ሁሉም መክነዋል። ሙሉ በሙሉ አልወሰድንባቸውም፤ ሁሉ የተወሰደበት ሰው ክትትል ካላገኘ መልሶ እንደሚሰበስብ የታወቀ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች በየሳምንቱ እየሄዱ ከእሳቸው ጋር ስም ይጠራሉ፤ አዲስ ሲመጣ የሚወጣው ማን እንደሆነ አብረው ይወስናሉ።