የኮር ብዛት ለማሽን ዋስትና አይሆንም

ብረት ወይም እንጨት መቁረጫ ማሽን የሚመራ ኮምፒዩተር ፈልጎ ገበያ የሚወጣ ባለወርክሾፕ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ባለ ስንት ኮር ነው?» ብሎ ነው። የባለ 8 ኮር ዋጋ ከባለ 4 ኮር ይበልጣል፤ ማሽኑን ግን የግድ በተሻለ ሁኔታ አይመራም።

ኮሮቹ ሥራ ቢከፋፈሉም ወደ ሜሞሪ የሚያደርሳቸው መንገድ የጋራ ነው። አንዱ ማሽኑን ሲመራ ሌሎቹ ትልልቅ ፋይል ቢገለብጡ፣ የመጀመሪያው መረጃው እስኪደርሰው ሊጠብቅ ይችላል። ለጽሕፈት ሥራ ይህ መዘግየት አይታወቅም። በየ1 ሚሊ ሰከንዱ ለሞተር ትእዛዝ ለሚሰጥ ፕሮግራም ግን የሚቆረጠውን ዕቃ እስከ ማበላሸት ሊደርስ ይችላል። አንድን ኮር ለማሽኑ ብቻ መለየት ይረዳል፤ ሆኖም የጋራው መንገድ የጋራ እንደሆነ ይቀራል።

ሊነክስሲኤንሲ የተባለው በነፃ የሚገኝ የማሽን መምሪያ ፕሮግራም የመዘግየት መለኪያ አለው። መመሪያው በልኬቱ ጊዜ ፋይል እየገለበጡ፣ ሙዚቃ እያጫወቱ ኮምፒዩተሩን ማጨናነቅን ይመክራል። መታየት ያለበት አማካዩ ሳይሆን ትልቁ መዘግየት ነው። የሞተሩን ምት የሚፈጥረው ኮምፒዩተሩ ራሱ ከሆነ፣ ከ20 ማይክሮ ሰከንድ በታች መልካም ነው። 100 ማይክሮ ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሊነክስ 6.12 ለጊዜ ጥብቅ ሥራዎች የሚረዳውን ማሻሻያ በውስጡ ይዟል። ይህም ቢሆን ልኬቱን አያስቀርም።

ሥራ የፈታ ኮምፒዩተር ሁሉ ፈጣን ይመስላል። ስለዚህ ገዢው ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ኮምፒዩተሩን ሥራ አብዝቶበት ቢለካው ይበጀዋል።