ውሃ ላይ ሆኖ ውሃ የጠማው ሞተር

ባለፈው እረፍት ወረታ ሄጄ ያየሁትን ላጫውታችሁ። ፎገራ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያነሳው ሩዙንና ከብቱን ነው። የወረዳችን ምዕራባዊ ጫፍ ግን ጣና ነው። አጎቴ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በብድር በገዟት የሞተር ጀልባ አሳ ያጠምዳል። ብድሩ ገና አላለቀም።

ጣና ላይ ድሮ የሚታወቀው የደንገል ታንኳ ነው። ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለአሳ አጥማጁ የገቡት በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረ የአሳ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው። ታንኳ ቀዛፊው ካልደከመ አይቆምም፤ ሞተር ግን የራሱ አመል አለው።

አንድ ቀን ጠዋት መረብ ሊያነሱ የወጡት ሰዎች ሲመሽ እየቀዘፉ ተመለሱ። ሞተሩ ሞቆባቸው ነው። አክስቴ ቀኑን ሙሉ ዳር ቆማ ነበር የዋለችው። ሞተሩ ተቃጥሎ ከሆነ ብድሩ በምን ይከፈላል? ማንም አፍ አውጥቶ አልጠየቀም እንጂ ሁላችንም የምናስበው ያንኑ ነበር።

ለመሆኑ ውሃ ላይ ያለ ሞተር እንዴት ይሞቃል? እንደ መኪና ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃ ውስጥ በሚገባው እግሩ ላይ ትንሽ ፓምፕ አለች። በውስጧ ኢምፔለር የሚሉት ባለ ክንፍ ጎማ እየዞረ ውሃውን በቱቦ ወደ ላይ ይገፋል። ከውሃው ጥቂቱ በሞተሩ ኋላ በቀጭኑ እየተንፎለፎለ ይወጣል። እሱ ከቆመ ነገር አለ ማለት ነው።

የኛን ያቆመው እምቦጭ ነው። ይህ አረም ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ሥሩ የውሃ መሳቢያውን ወንፊት ሲደፍነው ጎማው ያለ ውሃ እየተፋተገ በአጭር ጊዜ ይበላሻል። ጉማራና ርብ የሚያመጡት ደለልም ቀስ በቀስ ይሞርደዋል።

መለዋወጫው በማግስቱ ከባሕር ዳር መጣ። አጎቴ መጀመሪያ ሞተሩ በድንገት እንዳይነሳ የካንዴላውን ገመድ ነቀለ። የማርሹን ዘንግ አላቀቀና ብሎኖቹን ፈቶ እግሩን ወደ ታች ሳበው። የፓምፗን ክዳን ሲያነሳ ከጎማው ክንፎች ሁለቱ የሉም። «ቁራጮቹን ፈልጊ፤ ቱቦው ውስጥ ከቀሩ አዲሱም አይሠራም» አለኝ። አንዱ እዚያው ነበር፤ ሌላውን ከቱቦው በሽቦ አወጣነው።

አሮጌውን ሲያወጣ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የምትይዘዋን ትንሽ ብረት በጥንቃቄ አስቀመጠ። እሷ ከጠፋች ዘንጉ ቢዞርም ጎማው አይዞርም። አዲሱን ጎማ ሳሙና ቀብቶ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞረ አስገባው። ክንፎቹ በተቃራኒው ከታጠፉ ቶሎ ይሰበራሉ። ጋስኬቱም ተቀየረ። አስቸጋሪው እግሩን መመለስ ነበር፤ ዘንጉ፣ የውሃው ቱቦና የማርሹ ዘንግ እኩል መግጠም አለባቸው። ሦስት ጊዜ ሞከርን።

ከዚያ እግሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነክረን አስነሳነው። ያለ ውሃ ማስነሳት አዲሱንም ማቃጠል ነው። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። አክስቴ ፊቷን አዞረች። ትንሽ ቆይቶ ግን ቀጭኗ ውሃ ፊጭ አለች፤ ሞተሩም ደህና ነበር።

አጎቴ ከጓደኞቹ ታናሽ የሆነውን እያየ «እኔማ ዳር እስክንደርስ ልንዳው ብዬ ነበር። ውሃው መቆሙን አይቶ ያጠፋው ይሄ ልጅ ነው፤ ተቆጥቼውም ነበር» አለ። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። አንዲት ጎማ ሙሉ ሞተር ይዛ ልትሄድ ነበር እኮ!

አሁን አጎቴ ጎማው ባይበላሽም በየዓመቱ ሊቀይረው ወስኗል፤ እምቦጭ ሲያይም ሞተሩን አጥፍቶ ይቀዝፋል። እናንተም ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ስትሻገሩ ዞር ብላችሁ ያቺን ቀጭን ውሃ እዩዋት። ከቆመች ለነጂው ለመንገር አትፈሩ። ቸር ይግጠመን!